በጓንት የተሸፈነ መዳፍ

ታናሽ ወንድሜ ሰው ሲጨብጥ ቶሎ አይለቅም። እጁን ገልበጥ ያደርግና መዳፉን ያያል። «ጠንቋይ ነህ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበታል። ጠንቋይስ አይደለም። ዕድሜውን የፈጀው በሆስፒታል አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሕፃናትን የጣትና የመዳፍ አሻራ ሲያነሳ ነው። መዳፋችን ላይ ያለው መስመር ገና በማህፀን ሳለን ስለሚሠራ፣ አንዳንድ የዘረመል ችግሮች እዚያው ላይ ፍንጭ ይተዋሉ። ሐኪሞቹ ፍንጩን ይዘው ደም ያስመረምራሉ። የእሱ ሥራ ትንሿን መዳፍ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ነው።

ክፋቱ ሥራውን ይዞት ይዞራል። አንዲት ዘመዳችንን አራስ ልንጠይቅ ሄደን፣ እሱ የልጇን እጅ ገለጠና ፊቱ ጭፍግግ አለ። ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ አንድ መስመር አይቶ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ስንትና ስንት ጤነኛ ሰው ላይ እንዳለ እሱ አጥቶት አይደለም፤ ፊቱ ምስጢር አይቋጥርም እንጂ። የደሙ ውጤት ደህና ሆኖ እስኪመጣ ድረስ እናትየዋ እህል በአፏ አልዞረም። እኔም የልኩን ነገርኩት።

ያን ቀን የወንድሜ ሴት ልጅም አብራን ነበረች። ይኸው አሁን ራሷ ወልዳ፣ አባቷ በሩን ሲያንኳኳ ለሕፃኗ ጓንት ታጠልቅላታለች። በዚያ ሙቀት! እሱም ነገሩ ገብቶት «በርዷት ነው አይደል?» ብሎ ይስቃል። ወደ ቤት ስንመለስ ግን አንጀቴን በላው።

«የስንቱን ልጅ እጅ ይዤ፣ የራሴን የልጅ ልጅ እጅ ልከልከል?» አለኝ።

ደረቱ ላይ ተኝታ እንኳ ትናፍቀዋለች።

ባለፈው እሁድ አብረን ሄድን። ሕፃኗ ጓንቱን በድዷ እያኘከች ታለቅሳለች። እናቷ ብታባብላት አልሆነም። መጨረሻ ላይ ጓንቱን ስባ አወለቀችውና «እሺ አባዬ፣ እየው በቃ» አለች።

ወንድሜ ጣቱን ዘረጋ። ሕፃኗ ጭብጥ አድርጋ ያዘችውና ዝም አለች። እሱ ፊቷን ብቻ ነበር የሚያየው።

«ታዲያስ? ምን አየህ?» አለች ልጁ።

«ኧረ አላየሁም» አላት። «ይዛኛለች እኮ።»