የዘጋሁት ሣር

በመንዝ፣ በዘመሮ ከተማ እኔን የማያውቅ ሰው ካለ እንግዳ ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት በኋላ የማንም አስተማሪ ፊት አልተቀመጥኩም፤ ሆኖም ራዲዮ የጠገንኩ፣ የወፍጮ ሞተር ፈትቼ የገጠምኩ፣ ሌላው ሲፈራ ጣራ ላይ ወጥቼ ዲሽ ያቆምኩ እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ወደ ከተማችን ሲገባ ሌሎች ኮርስ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ይመላለሱ ነበር። እኔ የተበላሸ አንድ ገዝቼ ፈታሁት፤ መልሼ ገጠምኩት፤ ሠራ። እንግሊዝኛውንም ከመዝገበ ቃላት ለቅሜ ነው የያዝኩት። በአነጋገሬ የሚስቁ አሉ፤ የመድኃኒት ወረቀት ማንበብ ሲያቅታቸው ግን የኔን በር ነው የሚያንኳኩት። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ከተማ ሲቆረቁር መዋሉ ማንንም ሊገርም አይገባም።

ጨዋታውን ያመጣሁት ለልጄ ብዬ ነበር። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። እናቷ ካረፈች በኋላ ቤቱ የሁለታችን ብቻ ሆነ፤ በክረምት ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ሲቆም ደግሞ ወጥቶ የሚሠራ ነገር የለም። ጨዋታው ተራ በተራ የሚሄድ ነው። እያንዳንዱ ሰው በጥቂት ሰፋሪዎችና በአንድ ጦረኛ ይጀምራል፤ መናገሻውን ይቆረቁራል፤ ከዚያ እርሻውን፣ ጽሕፈቱን፣ ፈረስ ግልቢያውን እያስተማረ ሕዝቡን ያሳድጋል። ሁለታችን አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጥ ነበር። እሷ ስትጫወት እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፤ እኔ ስጫወት እሷ በነጠላዋ ትሸፈናለች። በነጠላው ሥር አጮልቃ እንደምታይ አውቃለሁ። አውቄ ዝም እላለሁ። የምታሸንፈኝም በዚያ ምክንያት ብቻ ነበር።

ከዚያ ተመረቀች፤ ሐዋሳ ሥራ አገኘች፤ እዚያው አገባች። ከሠርጉ ወዲህ አልመጣችም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትደውላለች። ስለ ጉልበቴ ትጠይቃለች፤ ደህና ነው እላለሁ። ስለ ምግቤ ትጠይቃለች፤ ሞልቷል እላለሁ። ኔትወርኩ ይቆረጣል። ስልኩን ይዤ ትንሽ እቆያለሁ፤ መልሳ የምትደውል እየመሰለኝ። ጎረቤቶቼ፣ ናፍቀሽኛልና ነይ ማለት ምን ይከብዳል ይሉኛል። ለነሱ አይከብድ ይሆናል። እኔ በሕይወቴ ማንንም ለምኜ አላውቅም።

ባሏ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጨዋታ ግን ይወዳል። የጨዋታችንን ነገር ከሷ ሰምቶ ሦስታችንም በኢንተርኔት የምንጫወትበትን መንገድ አበጀ። አንዱ ተራውን ሲጨርስ ለሌላው ስልክ ላይ መልእክት ይገባል፤ መብራት ቢጠፋም ጨዋታው ቆሞ ይጠብቃል። በመጀመሪያው ጨዋታ ገና ከመነሻው ጦሩን አግተልትሎ መጥቶ መናገሻዬን ወሰደብኝ። በሁለተኛውም እንደዚያው። በሁዳዴ መግቢያ ላይ ደግሞ ውርርድ አመጣ።

«አባባ፣ መናገሻው ቀድሞ የወደቀበት ሰው ለፋሲካ ተጓዥ ይሁን» አለኝ። «እርስዎ ከወደቁ እዚህ ይመጣሉ። ከኛ አንዳችን ከወደቅን ሁለታችንም እንመጣለን። ሻንጣ ልግዛልዎት?»

«አንተ ካፖርት ግዛ» አልኩት። «የመንዝ ብርድ አማች ነው ብሎ አይራራም።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሐዋሳ መሄድ ክፉ ነገር አይደለም፤ እኔ ግን ልጄን በሷ ቤት እንግዳ ሆኜ ማየት አልፈለግኩም። እዚሁ፣ ባደገችበት ቤት፣ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ስታንኳኳ መስማት ነበር የፈለግኩት። ስለዚህ የሦስተኛውን ጨዋታ መነሻ እንደ ቤት መሠረት አስቤ መጣል ነበረብኝ።

ዕቅዱን ያወጣሁት ጠረጴዛ ላይ ቆሎ ዘርግቼ ነው። ገብሱ ሰፋሪ፣ ሽምብራው ጦረኛ ሆነ፤ ያልተሳካውን ዕቅድ እየበላሁ ሌላ እዘረጋለሁ። አማቼ እንደሚያደርገው በጦር ብጀምር እርሻዬ ይራባል። ሰፋሪዎቼን በየአቅጣጫው ብበትን የሚጠብቃቸው አይኖርም። በመጨረሻ የኔ የሆነውን አገኘሁ። መናገሻዬ ሦስት ጎኑ ገደል በሆነ አምባ ላይ ይሆናል፤ ስለዚህ የምጠብቀው አንድ በር ብቻ ነው። ከእርሻ ቀጥሎ ቀስት አስተምራለሁ። ከበሩ ፊት ለፊት ያለውንና ሁሉም የሚመኘውን ሰፊ የሣር ሜዳ ደግሞ አልሰፍርበትም፤ እዘጋዋለሁ።

ጓሳ፣ የአገራችን የጋራ የሣር መሬት፣ ሲዘጋ አጥር የለውም። ሽማግሌዎች ተነጋግረው ተዘግቷል ካሉ ተዘጋ። ቤቱ የሚያፈስበት ሰው እንኳ ለክዳን የሚሆነውን ሣር እያየ ያልፋል እንጂ ማጭድ አያነሣም። ዓመታት አልፈው ሲከፈት ግን የሚያጭደው የሚያጣ የለም። እኔም ፈረስ ግልቢያ እስካስተምር ሜዳውን ለማቆየት አሰብኩ። ለሁለቱም «ከአምባዬ ፊት ያለው ሣር ዝግ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ዘበኛም አላቆምኩበትም። የተዘጋ ሣር በዘበኛ ሲጠበቅ አይቼ አላውቅም።

የልጄ ሰፋሪዎች ቀድመው ደረሱ። ከሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሙ፤ በሚቀጥለው ተራ ዞረው ሄዱ፤ ወደ ሰሜን፣ ድንጋያማ ቦታ ላይ ከተማ ሠሩ። ይህን ሳይ ተነሥቼ ደጅ ወጣሁ። ነፋስ ስለነበር ዓይኔ ውሃ አቀረረ።

አማቼ ግን ገባ። ሜዳው መሐል ከተማ ቆረቆረና፣ «አባባ፣ ካርታው ላይ ዝግ የሚል ነገር አላየሁም» ብሎ ጻፈልኝ። ሰው ይህን የኔ ስህተት ሊለው ይችላል። እኔ የሱ አስተዳደግ ነው የምለው። ከዚያች ከተማ ጦሩ እየወጣ በሬን ይመታ ጀመር። ቀስተኞቼ ቢይዙትም እየሳሱ ሄዱ፤ ከሁለት ተራ በላይ እንደማይቆሙ አሰላሁ። ሻንጣ ከማን እንደምዋስ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

የልጄ ተራ ሲደርስ ጦሯን በሙሉ፣ መናገሻዋን የሚጠብቁትን ጭምር፣ ወደ ሜዳው አወረደችው። የባሏን ከተማ ያዘች። ጨዋታው ያዢውን፣ ከተማው ይቆይ ወይስ ይፍረስ ብሎ ይጠይቃል፤ አፈረሰችው። ሜዳው መልሶ ሣር ሆነ። አማቼ ደውሎ ሚስቱ ሳሎን ውስጥ ጎኑ ተቀምጣ እንደወጋችው ስሞታ አሰማኝ፤ ከበስተጀርባ ሳቋ ይሰማል። ነገር ግን ከሷ በስተሰሜን ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ሕዝብ ነበር። ያ ሕዝብ በተራው መናገሻዋን ባዶ አገኘና ገባበት። ከሦስታችን ቀድሞ የወደቀው የሷ ሆነ።

እሑድ ስትደውል ስለ ጉልበቴ እስክትጠይቅ አልጠበቅኩም። መናገሻሽን ለምን ባዶ አደረግሽው አልኳት። እንዲህ ያለ ስህተት ያላስተማርኳት መሆኔንም ነገርኳት።

 

«ሣሩ ዝግ ነበር፣ አባዬ» አለች። ቀጥላ፣ «ወፍራሞቹ ብርድ ልብሶች አሉ?» አለችኝ።

«አሉ» አልኩ።

ቅዳሜ ሹር ከአውቶቡስ ወረዱ፤ ማክሰኞ ተመለሱ። በዚያ ሰሞን የቻልኩትን እዚህ ላስቀምጥ፤ ሌላ የሚጽፍልኝ የለም።

ያለ ኮርስና ያለ አስተማሪ፣ የተማረ አማቼ ያልሰበረውን አምባ አቆምኩ።

በጉን በራሴ እጅ አርጄ ገፈፍኩ፤ ጎረቤት አልጠራሁም።

የሚንኳኳውን የመኝታዋን መስኮት አጠበቅኩ፤ ነፋሱ አንድም ሌሊት አልቀሰቀሳትም።

ጓዳ ገብታ ዕቃ ስታንኳኳ ያለ ሥራ ተቀምጬ ሰማሁ። ከሁሉ ረጅሙን ጊዜ የሰጠሁት ለዚህ ነው።

ነይ ሳልላት መጣች።

አውቶቡሱ ሲነሣም ቆዪ ሳልላት ቆሜ ሸኘኋት። ይህን የሚችል ሰው ካለ ያምጡልኝ።