የአያ ወርቁ የቀኝ ኪስ

ዛሬ ጠዋት ደባርቅ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ወጣቱ ቄስ ሊያሳልሙኝ ቀረቡ። ጎንበስ ብዬ፣ ግንባሬን አስነክቼ፣ በታላቅ አክብሮት ተሳለምኩ። የተሳለምኩት የዝንብ መከላከያ ጭራቸውን ነው።

«ኧረ አባባ፣ መስቀሉ በቀኝዎ ነው!» አሉኝ ሳቃቸውን እያፈኑ።

እስከ ረፋድ ድረስ የፈረስ ፀጉር ስተፋ ቆየሁ። እርጅና ነው የሚለኝ ይበለኝ፤ ይህ ነገር ግን ከእርጅናዬ በፊት የመጣ የድሮ ባልንጀራዬ ነው።

ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ በሐጂ ሰይድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። ገብሱ ተወቅቶ ሠርግ የሚበዛበት ወቅት ነው፤ ከተራራው መንደር ከጊች የሚወርደው መንገድ በበቅሎ ኮቴ አቧራው ይጨሳል። አንድ ቀን ራሴን ፈለጠኝ። ሲለቀኝ የዓለም የቀኝ ግማሽ የለም! ሰው ሲመጣ ግማሹ ብቻ ይመጣል። ከትሪው የግራውን ጨርሼ፣ የቀኙን ሳልነካ «ጠገብኩ» ብዬ እነሳለሁ። ምች ነው ተባለ፤ ዳማከሴ ታሽቶ በአፍንጫዬ ገባ። እኔም የራስ ምታቱን ብቻ ተናግሬ የዓይኔን ነገር ደበቅኩ። ግማሽ ለሚያይ ሰፊ ማን ጨርቅ ይሰጣል?

አያ ወርቁ የሚባሉ የጊች ገበሬ ለልጃቸው ሠርግ የካኪ ኮት አሰፍተው ነበር። ለበሱት። ግራ እጃቸውን ኪስ ከተቱ፤ ቀኙ ግን ሽው ብሎ ወረደ።

«ይኼን ኪስ ማን በላው?»

«አዲስ ፋሽን ነው፣ አያ።»

አልሳቁም። ትክ ብለው አዩኝ። «አንገትህን እንደ በቅሎዬ ነው የምታዞረው። እሷም እንዲህ የጀመራት አንድ ዓይኗ ሲጠፋ ነው። የማይታይህ በየት በኩል ነው?»

ሜትሩን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ አለቀስኩ።

ሐጂ ይህን ሲሰሙ ሱቁን ለወንድማቸው ትተው፣ በዳባት በጎንደር አልፈን፣ አዲስ አበባ ድረስ ራሳቸው ይዘውኝ ሄዱ። የጭንቅላቴን ፎቶ ያየው ሐኪም፣ ዓይን ያየውን ወደ አንጎል በሚያደርሰው ነርቭ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ እንጆሪ ተቋጥረው ደም እንዳንጠባጠቡ ነገረን።

«ብዙ ሰው የማይገጥመው ነገር ነው» አለ። «ብትቆይ ግራውም ይሄድ ነበር።»

ቋጠሮው ወጣልኝ። የቀኙ ዳር ባይመለስም ሌላው ተረፈልኝ። በተረፈልኝ የልጆቼን መልክ አየሁ፣ የልጅ ልጆቼን ሱሪ ሰፋሁ፣ ጭራም ተሳለምኩ። ተመስገን ነው።

አያ ወርቁ «ሲሻልህ ትሰፋዋለህ» ብለው ልጃቸውን በባለ አንድ ኪስ ኮት ዳሩ። ከሕክምና ስመለስ ኪሱን አገኘሁት፤ ከስፌት መኪናዬ በስተቀኝ፣ በልክ ተቆርጦ ቁጭ ብሏል። ዛሬም፣ ሰማንያን አልፈው እንኳ፣ ገበያ ሲወርዱ ያንኑ አሮጌ ኮት ለብሰው በረንዳዬ ላይ ይቆማሉ። ቀኝ እጃቸውን ሽው ያደርጉና፦

«አልደረሰም?» ይላሉ።

«ትንሽ ቀርቶታል፣ አያ።»

ምንም የቀረው የለም። ኪሱ የተሰፋላቸው ቀን፣ በበረንዳዬ በኩል ሳይቆሙ የሚያልፉ ይመስለኛል። ስለዚህ ያቺ ቁራጭ ካኪ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ታጥፋ ተቀምጣለች።