በዓም ሳሌሕ ኩሬ የለቀቅኳቸው

ልጅ እያለሁ አንድ ጽድቅ ሠርቻለሁ። ከኃጢአቶቼ ሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እሱ ነው።

የምንኖረው ካርቲየ 2 በሚባል የወደብ ከተማ ሰፈር ነበር። እናቴ አንዲት ፈረንሳዊት ቤት ታበስላለች። አንድ ዓርብ ጠዋት ከግብዣ የተረፉ፣ ነፍሳቸው ያልወጣ ስድስት ቀያይ ፍጥረታት በባልዲ ይዛ መጣች። ፈረንሳዮቹ ኤክረቪስ ይሏቸዋል፤ በወንዝ የሚኖሩ የሸርጣን ዘመዶች ናቸው። መዳም በደግነቷ «ለልጆችሽ» ብላ ነው። እኛ ቤት ግን ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት አይበላም። እናቴ ባልዲውን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ «ነፍስ ያለው ነገር ቆሻሻ ላይ አይጣልም። ባሕሩም ጨው ነው፣ ይገድላቸዋል። በይ ንጹሕ ውኃ ፈልጊላቸው» አለችኝ።

እኔ የማውቀው ንጹሕ ውኃ አንድ ብቻ ነበር። ጎመን የምንገዛቸው የመናዊ አትክልተኛ፣ አጎት እንደማለት ዓም ሳሌሕ የምንላቸው፣ አምቡሊ በሚባለው የአትክልት ሰፈር ውስጥ የአፈር ኩሬ ነበራቸው። ከጉድጓድ የተቀዳው ውኃ እዚያ ተጠራቅሞ በቦይ ወደ መደቦቹ ይወርዳል። የእርጥብ አፈርና የናና ሽታው ገና ከበር ይቀበላችኋል። ጣት የማያህሉ ዓሦች፣ ቀንድ አውጣ፣ እንቁራሪት፣ ምን የሌለ ነገር ነበር! የዳሩን ሣር ማንም እንዲነቅል አይፈቅዱም። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ሣሩ አፈሩን ይይዝልኛል፣ ዓሣው ቢምቢውን ይበላልኛል። እኔ ተቀምጬ ማየት ነው» ይሉኝ ነበር።

ለጁምዓ ሶላት በሄዱበት ባልዲውን ኩሬው ውስጥ ደፋሁት። አንዷ ከጅራቷ ሥር ቁንዶ በርበሬ የመሰለ እንቁላል ተሸክማ ነበር፤ እኔ እድፍ መስሎኝ በጣቴ ላጥባት ሞክሬያለሁ። ሲገቡ አይቼ ደስ ብሎኝ አማተብኩ።

ጥፋቱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ሣሩ ከሥሩ እየተቆረጠ ተንሳፈፈ። ከቀንድ አውጣው ዛጎሉ ብቻ ቀረ። የእንቁራሪቱ ጫጩትም የዓሣው እንቁላልም ተበላ። ዓሣው ሲያልቅ ቢምቢ ነገሠ፣ ዓሣ ሊለቅሙ የሚመጡት ወፎችም ቀሩ። በመጨረሻ ቀያዮቹ ዳሩን ስለቦረቦሩት ኩሬው ውኃ መያዝ አቃተው፤ መደቦቹ ደረቁ።

ዓም ሳሌሕ ከቀያዮቹ አንዱን በጀርባው ይዘው «ይሄ ከየት መጣ?» ሲሉኝ፣ «እኔ እንጃ» አልኩ። ከዚያ በፊት አንድ የድርቅ ዓመት ጎረቤታቸውን ውኃ ከልክለው ኖሮ፣ ሰውየው አትክልቱ ደርቆበት አገር ለቆ ሄዷል። «ለዚያ በደሌ ቅጣት ነው አላህ የላከብኝ» ብለው አመኑ። ብዙም ሳይቆዩ ቦታውን ትተው ከከተማው ዳር፣ ባልባላ፣ ልጃቸው ዘንድ ገቡ።

ዛሬ የሰፈሩ ቦዮች ውስጥ የቀሩት እነዚያ ቀያዮች ናቸው። ልጄ ስታያቸው ታጨበጭባለች፤ ድሮም የነበሩ ይመስላታል። እንቁራሪት በመጽሐፍ ካልሆነ አታውቅም።

ዘንድሮ ቆርጬ ልናዘዝ ባልባላ ሄድኩ። ዓም ሳሌሕ አልጋ ይዘዋል። አፌን ሳልከፍት እጄን ያዙና፣ «ያንን ጎረቤቴን ይቅርታ ልጠይቀው ስፈልገው ኖሬ፣ ሞቷል አሉኝ። ግን አልሐምዱሊላህ፣ ቅጣቴን እዚሁ ምድር ላይ ተቀብያለሁ። ኩሬዬ ባይጠፋ ኖሮ ምን ይዤ አላህ ፊት እቀርብ ነበር?» አሉኝ።

ቅጣት አልነበረም፣ የእኔ ባልዲ ነው ልበላቸው? ልጅ ሆኜ ብናገር ኩሬው ይተርፍ ነበር፤ አሁን ብናገር የቀረቻቸውን አንዲት ሰላም መንጠቅ ነው። «ይማርዎት፣ ዓም ሳሌሕ» ብቻ ብዬ ወጣሁ።