ለፔድሮ የተላከ በርበሬ

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት... አስተናጋጅ ሆኜ ወደምሠራበት፣ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ወዳለው የሐበሻ ምግብ ቤት አንድ ከረባት ያሰረ ፈረንጅ መጣ። የአንድ ትልቅ የቺሊ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ወኪል ነው። የፋብሪካውን ታሪክ ለደንበኛ አሳምሮ የሚያወራ አስተናጋጅ መርጦ ቺሊ ድረስ ወስዶ እርሻውን ያስጎበኛል ተብሏል።

እኔ አሜሪካ ከመጣሁ ከሎንግ ቢች አልፌ አላውቅም። የሰጡንን መጽሔት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኩት።

ለፈተና የደረሱኝ ጋሼ ታደሰ ናቸው። ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ሲሆኑ፣ ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ክትፎ ከበው ተቀምጠዋል። ወኪሉ ጥግ ይዞ ደብተሩን አወጣ። አማርኛ አይሰማም፤ የሚያየው የደንበኛውን ፊት ነው።

ጀመርኩ። መሥራቹ የወይን ችግኝ ከፈረንሳይ በመርከብ እንዳመጡ፣ እርሻው ከተራራው ሥር ጀምሮ ማለቂያ እንደሌለው፣ ከአባት ወደ ልጅ አራት ትውልድ እንደዘለቀ... የመሥራቹን ፈረስ ስም እንኳን አልዘለልኩም። ከዚያ ወይኑን ለቅምሻ ያህል ጠብ አደረግኩላቸው።

«ምነው ልጄ፣ አለቀባችሁ እንዴ? ሙላው እንጂ!»

ሞላሁት።

«ኦኬ፣ አሁን ኮካ አምጣ።»

ቀዩ ወይን ላይ ኮካ ሲንቆረቆር ወኪሉ አማተበ። ቺሊን በዚያው ተሰናበትኳት።

ጋሼ ግን ብርጭቆውን ሳያነሱ አዩኝ። «ሶ፣ የፈረሱን ስም ነገርከኝ። ወይኑን የሚለቅመው ሰውዬስ ማን ይባላል?»

መጽሔቱ ላይ የለም። የለም ብል ደግሞ ፊታቸው ሊጠቁር ነው፤ ወኪሉ እያየ ነው...

«ፔድሮ» አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። «አባቱም ለቃሚ ነበሩ።»

«እኔም በልጅነቴ አዋሽ ዳር ወይን ለቅሜያለሁ» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። «አንድም ቀን ስሜን የጠየቀኝ የለም።» ብድግ አሉ። «ለፔድሮ!»

አራቱም ቆመው ጠጡ። አንደኛው ዓይኑን ጠረገ። ወኪሉ እየሮጠ መጥቶ አቀፈኝ፤ ታሪካችን እንዲህ ሰው ሲያስለቅስ አይቼ አላውቅም አለ። ጉዞው የእኔ ሆነ!

ትናንት ጋሼ ፌስታል ይዘው መጡ። መንገደኛ ባዶ እጁን አይሸኝም መቼም... አንድ ኪሎ በርበሬ ነው።

«ለፔድሮ ስጥልኝ። ሎስ አንጀለስ ታደሰ የሚባል ለቃሚ አለ በለው።»

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን ሳየው መልሼ ዘጋሁት። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ሐሙስ እበራለሁ። በዚያ ሁሉ እርሻ ውስጥ አንድ ፔድሮ አይጠፋም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከጠፋም መጀመሪያ ያገኘሁትን ለቃሚ ስሙን ጠይቄ እሰጠዋለሁ... የፈረሱንማ አውቀዋለሁ።