በጉድጓዱ አፍ የቆየ ለቅሶ

እናቴን ጨካኝ የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ይህን ወሬ ያኔም አልወደድኩትም፤ ዛሬም ከሚያነሳብኝ ሰው ጋር አልስማማም።

ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን በበጋ ውሃ ስለሚርቅብን፣ አባቴ ከጓሯችን ጉድጓድ ይቆፍር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ተናደበት። ብንጣራ፣ ብንጣራ መልስ የለም።

ሊወርድለት የተነሳው ጎረቤታችን ግመለኛው ነው። ዕድሜውን ሲጭንና ሲያራግፍ የኖረ ሰው፣ ገመድ ያውቃል። ግመሎቹን በሚጭንበት መጫኛ፣ በዚያ ወፍራም የጠፍር ገመድ፣ ወገቡንና ሁለት ጭኖቹን አሰረ፤ እንዳይቆርጠው ከሥሩ ጆንያ አጥፎ አደረገበት። የመጫኛውን ጫፍ ወንዶቹ ያዙ። ሳቡ ሲል እንዲስቡ፣ አላሉ ሲል እንዲያላሉ ነግሯቸው፣ ቢስሚላህ ብሎ ወረደ።

ጥቂት ቆይቶ ድምፁ መጣ። አባቴ ሞቷል።

ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ጮኹ። እኔም ያዘልኩትን ልጅ ረስቼ ደረቴን መታሁ። አገራችን እንዲህ ነው፤ ሞት ከተሰማ ማንም ማንንም አይጠብቅም። እናቴ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካ ጆሮዋን ወደ ታች ሰጥታ ነበር። አፈሩ አሁንም ይረግፋል። ወንዶቹ ከጩኸታችን የተነሳ ግመለኛው የሚለውን መስማት አቅቷቸው ዝም ብለው ይስባሉ።

ቀና ብላ የግመለኛውን ሚስት አየቻት።

"ዝም በሉ" አለችን። "የኔስ ሄዷል። የሷ ባል ገና ከታች ነው።"

ዝም አልን፤ ገሚሱ በድንጋጤ፣ ገሚሱ በቅያሜ። ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ ጡት አጎረስኩት። ያኔ ነው የሰማነው፤ ለካ አላሉልኝ እያለ ኖሯል። መጫኛው ድንጋይ ሥር ተይዞ፣ በሳቡት ቁጥር ከግድግዳው ጋር ያጣብቀው ነበር። አላሉለት። ካላቀቀው በኋላ ሳቡ አለ፤ ሳቡት።

ሲወጣ አፈር ለብሷል። ቋጠሮው ጠብቆ አልፈታ አለ። በቢላዋ እንቁረጠው ሲሉ እናቴ፣ እንጀራው ነው ብላ ከለከለች፤ በጥፍሯና በጥርሷ ፈታችው።

"ተርፈሃል ወንድሜ?"

"ተርፌአለሁ፣ እትዬ።"

ሚስቱ መጥታ ስትይዘው እናቴ ተነሳች። ነጠላዋን አገለደመች፤ ወደኛም ዞረች።

"በሉ እንግዲህ" አለች፣ "አሁን አልቅሱልኝ።"