ጾምና ጨረር

አቶ ወልደየስ ከዴንቨር ኤርፖርት መንገደኛ በሻትል የሚያመላልሱ፣ ስለ ሕመም ማውራት የማይወዱ የኦሮራ ሰው ነበሩ። በ2016 መገባደጃ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘባቸው። ፕሮቶን የሚባለው፣ ጤነኛውን አካል ብዙ የማይነካው የጨረር ሕክምና ኮሎራዶ ውስጥ አልነበረም። ሥራ ትተው ሌላ ስቴት መክረም ስላልቻሉ እዚያው ኦሮራ በተለመደው ጨረር ሊታከሙ ተስማሙ።

የጨረር ሐኪማቸው አጥብቃ ያስጠነቀቀቻቸው ስለ አንጀታቸው ነው። ፊንጢጣ ከፕሮስቴቱ ጀርባ ተጠግቶ ስላለ፣ በጋዝ ሲነፋ ጨረሩ ያገኘዋል። ስለዚህ አንጀታቸው ባዶ፣ ፊኛቸው ውሃ የሞላ ሆኖ መምጣት አለባቸው፤ ጋዝ የሚያበዙት ምስር፣ ሽሮና ጎመንም ይቅሩ። የምታስተረጉመው ልጃቸው ሔቨን ነበረች። መሬት መሬት እያዩ «እሺ በያት» አሉ።

ሕክምናው ሲጀመር ዐቢይ ጾም ገባ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌረዳ ያቀረቡላቸውን ሽሮና ምስር በሉ፤ ስለ ክልከላው ትንፍሽ አላሉም። ከጨረሩ በፊት በሚነሣው ምስል ጋዝ እየታየ ባለሙያዎቹ እስኪወጣላቸው ደጋግመው ከአልጋው አስነሷቸው። ፊኛቸው ተወጥሮ ኮሪደሩ ላይ ሲንጎራደዱ ሔቨን ጠየቀቻቸው።

«ዳዲ፣ ምን በልተህ ነው?»

«ምንም።»

ከሳምንታት በኋላ ጨረሩ አንጀታቸውን ነክቶት ተቅማጥ ጀመራቸው። አንድ ጠዋት መንገደኞች ጭነው ከኤርፖርት ሲመጡ ሆዳቸውን ቆረጣቸው። ዳር ይዘው ፓርክ አደረጉ፤ ለመውረድ ግን አልደረሱም። ከኋላ አንዲት ሴትዮ መስኮቱን ከፈተች።

ቤት ገብተው ሱሪያቸውን ሲያጥቡ ወይዘሮ ጽጌረዳ ደረሱባቸው። ያኔ ሁሉንም ተናገሩ።

«እግዜር ምስር ካልበላህ አልቀበልህም አለህ?» አሉ ሚስትየው እያለቀሱ። «ድንችና ሩዝ የጾም አይደለም? ለምን አልነገርከኝም?»

«ጾሙን የምታስፈቺኝ መሰለኝ። ደግሞ ልጄ ፊት የተወራ ነገር ነው፤ አፈርኩ።»

ከዚያ ወዲያ ድንች፣ ሩዝና ካሮት ሆነ። ሔቨን እውነቱን ስትነግራት ሐኪሟ አልተቆጣችም። «ምን እንደሚበሉ እኔም አልጠየቅኩም» አለች። ምስሉ ጠራ፣ ሕክምናውም አለቀ፤ የደም ምርመራው ካንሰሩ መሸሹን አሳየ።

አንጀታቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። በዓመቱ ሰገራቸው ላይ ደም ታየባቸው። ሻትሉን ትተው ዴንቨር አጠገብ እንግልውድ አንድ ሕንጻ ውስጥ ጥበቃ ገቡ፤ መጸዳጃው ቅርብ ነው። ሐኪሟ እንዲህ ያለው ነገር ሁሉን በተጠነቀቀ ሰው ላይም እንደሚደርስ ነግራቸዋለች። እሳቸው አላመኗትም፤ ደብቀው የበሉት ያመጣባቸው ይመስላቸዋል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በሩ አጠገብ ይቆማሉ፤ ቅዳሴው መሐል ሹልክ ሲሉ ሔቨን አይታ እንዳላየች ትሆናለች።