«አለቀልሽ» ያልኩበት ቀን

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ይህም ራሱ ፈሪነት መሆኑን አውቃለሁ።

እናቴ የምትኖረው ስማዳ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ነው። እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ። አጥንቷ በመሳሳቱ በየስድስት ወሩ ከተማ እየወሰድኩ መርፌ የማስወጋት እኔ ነበርኩ። መርፌው እንዲቆም ሲወሰን ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «መርፌው ሲቆም አጥንቷ በአንድ ጊዜ ይሳሳል፤ የሚቀጥለው መርፌ ቀን ሳያልፍ በክኒን ካልተተካ ይሰበራል። አንቺ አስረጂያት» አለኝ። ክኒኑ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በብዙ ውኃ የሚዋጥ ነው። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነበር፤ እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ባፏ አይዞርም።

ስወጣ፣ «መርፌው አለቀልኝ?» አለችኝ።

«አለቀልሽ፣ እማዬ» አልኳት። ቃሉ ሌላም ትርጉም እንዳለው ለእኔ ለአማርኛ አስተማሪዋ አልታሰበኝም።

ዋሸኋት። ክኒኑ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ስለ ጾም መከራከሩ ታከተኝ፤ መኪናውም ሊሄድ ነበር። ከፋሲካ በኋላ እሰጣታለሁ አልኩ። ፋሲካ አለፈ፣ ፈተና ማረም መጣ፣ እሷም በስልክ «ደህና ነኝ» አለችኝ፤ እኔም ስለተመቸኝ አመንኳት። ረሳሁት ብል ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁትም፤ ቦርሳዬን በከፈትኩ ቁጥር አየው ነበር። ልጅ ለእናቷ እንዲህ ታደርጋለች?

ኅዳር ላይ ገብስ የያዘ ቁና ልታነሳ ጎንበስ ስትል ወገቧ ቀጭ አለ። ስደርስ ከአልጋ መነሳት አቅቷት አገኘኋት።

«አንድ ሁዳዴ ጠምቶኝ ውኃ ጠጥቼ ነበር። እሱ ነው ልጄ የሰበረኝ» አለችኝ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ቀኖና እንዲሰጧት የነፍስ አባቷን ጠርቼላት መጣሁ። ሊሄዱ ሲሉ በጾም ክኒን በውኃ መዋጥ ይቻል እንደሆነ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኋቸው። «ለታመመ ሰውማ ማን ይከለክላል፣ ልጄ?» አሉኝ። በዚያ ሁዳዴ ይህን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃኝ ነበር።

ሐኪሙ መርፌውን እንደገና ጀምሮላታል። ክኒኑ አሁን አይሆናትም፤ ከዋጡት በኋላ ቀና ብሎ መቀመጥ ይፈልጋል፣ እሷ ደግሞ ቀና ማለት አትችልም።

ደክሞኝ ነበር አልልም። ምሕረትም ከእናንተ አልጠይቅም፤ ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ብቻ ናት። እሷ ግን ገላዋን ባጠብኳት ቁጥር «አስቸገርኩሽ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» ትለኛለች።

እኔም ይቅር እላታለሁ።